ጀልባዋን የነቀለ እጅ

ባለፈው ሳምንት ቱርቦን ፋርማሲው በር ላይ አፉን እንደከፈተ ትተነው ነበር የሄድነው። እስከ ዛሬም አልገጠመውም። ዝንብ ገብታ፣ ቤት ሠርታ፣ ልጆቿን ድራ ልትወጣ ምንም አልቀራትም።

አፉን ያስከፈተችው አንዲት አጭር ቃል ናት። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ለሳል የሚሆን ሽሮፕ የሚጠብቁ ደንበኞቿን ከነሳላቸው ትታ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሮጣ ወጣች። ሁለቱንም እጆቹን ያዘችና፦

"እማዬ እሺ አለች!" አለችው።

ይህን ቃል ለመስማት ቱርቦ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈለው መሥዋዕትነት የለም። ሌላ ወንድ ቢሆን ጮቤ ረግጦ የፋርማሲውን ጣሪያ በአናቱ ይበሳ ነበር። እሱ ግን ደሙ ከእግር ጥፍሩ ጀምሮ ሲቀዘቅዝ ተሰማው።

"ምነው? ደስ አላለህም እንዴ?"

"ኧረ በጣም! ደንግጬ ነው።"

"እኔም ደንግጫለሁ" አለች። ዓይኖቿ ሞልተዋል፤ ጨረቃ የወደቀችባቸው ሁለት ኩሬዎች ቢባሉ ማጋነን አይሆንም። "'ያ ልጅ ደግ ነው፣ ይውሰድሽ፤ እኔን ብለሽ አትቅሪ' አለችኝ። እሷ ናት እንዲህ የምትለው? ስምህ ሲነሳ ምግብ የምታቆም ሴትዮ! ድምፅዋ ራሱ ልክ አልነበረም። ለማንኛውም እሁድ ከሰዓት ይምጣ ብላለች።"

ከዚያም ተጠግታ፣ ደንበኞቹ እንዳይሰሙ፣ "እኔ ባጠፋሁት ጥፋት ነው እንዲህ የሆነችው። አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?" አለችው።

በዚህች ምድር ላይ አንድ ወንድ ከሚወዳት ሴት ሊሰማ ከሚችለው ቃል ሁሉ ጣፋጩን ሰማ። የሌባ ልብ ካልሆነ በቀር እንደዚያ የሚመታ ልብ የለም።

*

ወሬውን ዛሬ ለጀመረ ሰው ነገሩን ከሥሩ እንንገረው።

ቱርቦ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ትክክለኛ ስሙን እናቱም ረስታዋለች። ሱቁ የአንድ ረጅም ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት፤ ቁመቱ የሚረዝም ደንበኛ አንገቱን ሰብሮ ይገባል። ግማሿን እሱ ይሠራባታል፣ በግማሿ ታላቅ እህቱ መጋረጃ ትሰፋባታለች። ታዲያ ከዚያች ጉድጓድ ሆኖ በከተማው ውስጥ ያልነካው ኮምፒውተር ካለ፣ ያ ኮምፒውተር ገና ከፋብሪካ አልወጣም ማለት ነው። ቱርቦ ጉንፋን የያዘው ዕለት ባንኮች ቀኑን ሙሉ ይጸልያሉ።

ይሁንና አንድ ጠባይ ነበረው። ማንኛውም ኮምፒውተር እጁ ከገባ፣ ኢንተርኔት የሚከፍትበትን ብራውዘር ነቅሎ የራሱን ምርጫ ይተክልበታል። ምርጫው የጭልፊት ምልክት ያለው፣ ገጽ ገና ሳታስበው የሚከፍት ፈጣን ብራውዘር ነው። ሰው ድምፅ አልሰማ አለኝ ብሎ ይመጣል፤ ድምፁን አስተካክሎ ጭልፊት ጭኖ ይሰጠዋል። ባትሪ አለቀብኝ ይለዋል፤ ባትሪና ጭልፊት። ደንበኛው "የኔ የት ሄደ?" ሲለው፣ "ገላገልኩህ" ይለዋል። ጫማ በእግር ልክ ይመረጣል፣ ብራውዘር ግን ለሰው ሁሉ አንድ ነው፤ ፈጣኑ ፈጣን ነው። ይህ ሃይማኖቱ ነበር።

ፋርማሲስቷ ላፕቶፕዋን አቅፋ የገባች ዕለት ይህ ሃይማኖት ተፈተነ።

"ይቺን ጀልባ የሚጠቀም ሰው አሁንም አለ?" አላት፣ የትንሽ ጀልባ ምልክት ያለበትን አሮጌ ብራውዘር አይቶ። "ይቺ እኮ ሙዚየም ነው መቀመጥ ያለባት።"

"አንተ ሙዚየም ገብተህ ታውቃለህ?"

እህቱ ስትስቅ በከንፈሯ ይዛቸው የነበሩት ስፒሎች ተበተኑ።

"አይ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። ፈጣን ልጫንልሽ?"

"አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ ሰው 'ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ' ሲለኝ ነው የምውለው። ጀልባዋ እስክትከፈት ድረስ ትከሻዬን አወርዳለሁ። በቀን ውስጥ ቀስ በይ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እንዳትነካብኝ።"

ቀና ብሎ አያት። ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ። ያን ጊዜ የተያዩት መተያየት፣ ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን በሙሉ ያበራ ነበር። ጀልባዋን አልነካትም። በሕይወቱ የሰው ምርጫ ሲያከብር ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ያከበረውም ወዶ ስለሆነ ነው።

በመንገዳቸው ላይ የቆሙት እናቷ ናቸው። ዳኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ዳኛ ናቸው። ገና በር ሲያንኳኩ የውስጡ ሰው ጥፋቱን ያስታውሳል። አንድያ ሴት ልጃቸውን ለደረጃ ሥር ሰው ሊሰጡ? "ከደረጃ ሥር የሚሠራ ከደረጃ በላይ አይመኝ" ብለው ፋይሉን ዘጉት።

በኋላ ልጃቸው ስትለምን ስትለማመጥ፣ "እሺ፣ ኮምፒውተሬ ቀስ ብሎብኛል፣ ወስዶ ያጽዳው፤ እጁን እንየው" አሉ። ፈተና መሆኑ ነው። ቱርቦ ኮምፒውተሩን እንደ ንጉሥ ዘውድ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደ። ውስጡን ነፋ፣ ወለወለ፣ አሳመረ። የኪቦርዱ ጥቂት ቁልፎች ላይ የደረቁ ቀያይ ጠብታዎች ተለጥፈው ቢያገኝ፣ ቆሻሻ መስለውት አንድ በአንድ በአልኮል ፈግፍጎ አነሳቸው። ጀልባ ተጭኖ አገኘ። የልጅቱን ሲሆን አክብሮ የተወውን፣ የእናቲቱን ሳይጠይቅ ከነሥሩ ነቀለው። ጭልፊት ተከለ።

"እንደ አዲስ ሆኗል፣ ክብርት" ብሎ አስረከበ። ስለ ብራውዘሩ ትንፍሽ አላለም፤ ከፍተው ሲያዩት ይገረሙልኝ ብሎ።

*

ከዚያ በኋላ ዳኛዋ ዝም አሉ።

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በኢንተርኔት የሕግ ምክር ይሰጡ ነበር፤ በነጻ። በየጠዋቱ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይቀመጣሉ፤ ልጃቸው ሙዚቃ የሚሰሙ ነበር የሚመስላት። ባሏ ከቤት ያስወጣት፣ ወንድሞቿ ውርስ የከለከሏት፣ አሠሪዋ ያባረራት፣ ሁሉም ለእሳቸው ይጽፋሉ፤ ሁሉም መልስ ያገኛሉ። ኮምፒውተሩ ከጸዳ ወዲህ ግን መልሱ ቀረ። "ሰለቸኝ" አሉ። ጥያቄው ተከመረ።

ልጅቱ ግራ ገብቷት ቱርቦን ጠራችው። "እስቲ ኮምፒውተሩን እየው፤ እማዬ የምትሰለች ሴት አይደለችም።"

የሠራውን ሠርቶ ቢሆንም ልቡ ንጹሕ ነበር፤ እያፏጨ ነው የሄደው። ኮሪደሩን አልፎ ወደ ክፍላቸው ሲቃረብ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። ዳኛዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ስክሪኑን አያዩም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ጣቶቻቸው ብቻ በኪቦርዱ ላይ ይሄዳሉ። አንዱን ቁልፍ ዳብሰው ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይዳብሳሉ። አንዱን ሲጫኑ ሌላ ነገር ተከፈተ፤ ማዳመጫው ዝም። ጣቶቹ ወደ መጡበት ተመለሱ።

"እዚህ ነበርሽ እኮ" አሉ ዳኛዋ፣ በሹክሹክታ። "እዚሁ ነበርሽ።"

ቱርቦ ግድግዳውን ተደገፈ። በዚያች ቅጽበት የገባውን ያህል በትምህርት ቤት ዘመኑ ሁሉ ተደምሮ አልገባውም። ቀያዮቹ ጠብታዎች ቆሻሻ አልነበሩም። ሴትየዋ በጣታቸው እንዲያገኙት ከሚፈልጉት ቁልፍ ላይ የጥፍር ቀለም አንጠባጥበው ነበር። ማዳመጫው ሙዚቃ አልነበረም፤ ጀልባዋ ገጹን እያነበበችላቸው ነበር። ዳኛዋ አያዩም። አለማየታቸውን ከዓለም ሁሉ ደብቀው፣ በአንዲት አሮጌ ብራውዘር ተደግፈው ሲሄዱ፣ እሱ መጥቶ ምርኩዛቸውን ወሰደ፤ ወስዶም የሚያምር ጃንጥላ ሰጣቸው።

"ምንድን ነው ችግሩ?" አለች ልጅቱ ከኋላው።

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እምላለሁ፣ ጫፉ ላይ ነበር! ግን ዞር ሲል ዓይኖቿን አየ። አምነውት ነበር። ያ እምነት ሲጠፋ ማየት ፈራ፤ ጀልባዋን ልመልስ ቢልም፣ ማን እንደነቀላት ሊጠየቅ ነው።

"ቫይረስ ነው፤ የማይለቅ ዓይነት" አለ።

"ቫይረስ? ከየት መጣ?"

"እንግዲህ... ባለፈው ሰሞን ፎቶዎች ልከሽላቸው አልነበር? ከዚያ ጋር ሊሆን ይችላል።"

"እኔ?"

"ሆን ብለሽ አይደለም እኮ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። "ዐይኔን ግንባር ያድርገው!" አለ። ማየት ከተሳናቸው ሴት በር ላይ ቆሞ፣ ለሴት ልጃቸው፣ በዓይኑ ማለ።

ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ያን ሁሉ ሴት መልስ ያሳጣሁት እኔ ነኝ? ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

"አትንገሪያቸው" አለ ፈጠን ብሎ። "በዚህ ዕድሜያቸው ይደነግጣሉ።"

እሷም ሰማችው። ቱርቦ በሕይወቱ ብዙ ምክር ሰጥቷል፣ አንዱንም የሰማው የለም፤ ይችኛዋን ግን ሰማችው።

*

እንግዲህ ከፋርማሲው በር "እማዬ እሺ አለች" የሚለውን ተሸክሞ ሱቁ ሲገባ እንዲህ ያለ ሸክም ነበረበት። ተራራ ነው ብንል ተራራው ይከሰናል።

"ምነው ፊትህ እንደ ታጠበ መጋረጃ ተጨማደደ?" አለች እህቱ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

"እናትየው እሺ አሉ፣ እትዬ።"

"እሰይ!" መኪናዋን አቆመች። ከዚያ አየችው። "እሰይ ነው አይደለም?"

ነገራት። ሁሉንም፤ ጠብታዎቹን፣ ጀልባዋን፣ ፎቶዎቹን፣ መሐላውን። ሲጨርስ እህቱ ከጨርቁ ላይ የክር ቁራጭ አነሳች።

"ስለዚህ" አለች፣ "ሴትየዋ እጃቸው የከዳቸው፣ ጭንቅላታቸው የሄደ መስሏቸው ነው ልጃቸውን የሰጡህ።"

"እንደዚያ አትበይ እንጂ።"

"እንዴት ልበል? በማዕረግ ተመረቀ ልበል? አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ሆነው እምቢ ያሉህን ታመው እሺ አሉህ፤ ያሳመምካቸውም አንተው! ይኼ ጋብቻ ነው ወይስ የተሰበረ በር አግኝቶ ዕቃ ማንሳት?"

"ብነግራት አጣታለሁ።"

"ባትነግራትስ ታገኛታለህ? ካገባሃት በኋላ በየቀኑ 'ባጠፋሁት' እያለች ስታለቅስ፣ መሐረብ የምታቀብላት አንተ ልትሆን ነው?"

እህቱ ወደ መኪናዋ ዞረች፤ ግን አልጨረሰችም።

"ደግሞ እኔስ? የስልኬን ብራውዘር አራግፈህ ያን አሞራህን ስትጭንብኝ፣ ያስቀመጥኳቸው የመጋረጃ ሥዕሎች ሁሉ ጠፉ። ጮህኩ፣ ሰማኸኝ? 'ገላገልኩሽ' አልከኝ። ወንድሜ ስለሆንክ ነው የተውኩህ። ሰው ሁሉ ግን እህትህ አይደለም።"

"ጭልፊት ነው እኮ፣ አሞራ አይደለም" አለ ከልማድ።

"ውጣልኝ!"

ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ በፊቱ የሚያልፉትን ሰዎች ስልክ አየ። እያንዳንዱ የራሱን ይዟል። ማንንም ጠይቆ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ተሰማው።

*

እሁድ ከሰዓት በዓለም ላይ ካሉት ሸሚዞች ሁሉ ነጩን ለብሶ ሄደ።

ሳሎኑ ሰፊ ነው። ዳኛዋ ባለ ከፍተኛ መደገፊያ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከድኖ አቧራ ለብሷል። ልጅቱ ሻይ አቀረበች። የራሷን ሲኒ ይዛ ቆመች።

"ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉ ዳኛዋ። ልጄ! ሁለት ዓመት ሙሉ "ያ ሰውዬ" ነበር።

"እሺ፣ ክብርት።"

"ብዙ ዓመት በሰው ላይ ፈርጃለሁ። አሁን ደግሞ ዕድሜ በእኔ ላይ ፈረደ። ይግባኝ የለውም።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "በልጄ ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ግን ይነገር። ጭንቅላቴ እየሄደ ነው። ለዓመታት የማውቃቸው ነገሮች፣ ጣቶቼ በእንቅልፍ ልባቸው የሚሠሯቸው፣ በአንድ ቀን ከእጄ ወጡ። ሌት ተቀን ሞከርኩ። የሉም። እና ሙሉ ለሙሉ ሳልጠፋ፣ ይቺን ልጅ የሚይዝ ሰው ልይ አልኩ። አንተን ንቄህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

ይቅር በለኝ አሉት! እሳቸው! ቱርቦ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምስጋና ባቀረበላት ነበር፤ መሬት ግን በተፈለገች ጊዜ ተሰንጥቃ አታውቅም።

"እማዬ፣ አይደለም!" ልጅቱ ሲኒውን አስቀምጣ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። "ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ! የላክሁልሽ ፎቶ ነው፤ ቫይረስ ይዞ ገብቶ ኮምፒውተርሽን አበላሸብሽ። እንዳትደነግጪ ብዬ ደበቅሁሽ። እየደከምሽ እያየሁሽ ዝም አልኩ። በኔ ፍረጂ!"

ያላጠፋችውን ጥፋት ታቅፋ አለቀሰች። እንባዋ ወለሉን አጥለቀለቀ ቢባል፣ ቢያንስ የቱርቦን ወለል አጥለቅልቋል፤ የሚቆምበት አልቀረለትም።

"እሷ አይደለችም" አለ።

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ።

"ቫይረስ የለም። አልነበረምም። እኔ ነኝ።" ተነስቶ ቆመ፤ ተቀምጦ የሚነገር አልነበረም። "ክብርት፣ ኮምፒውተርዎን ሳጸዳ ጀልባዋን ነቅዬ የራሴን ምርጫ ጫንኩ። አልጠየቅሁዎትም። አልነገርኩዎትም። ቁልፎቹ ላይ የነበሩትን ነጥቦች ቆሻሻ መስለውኝ ፈግፍጌ አነሳኋቸው። ጣቶችዎ አልረሱም። ይፈልጉት የነበረውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በኋላ ገባኝ፤ ገብቶኝም በእሷ አሳበብኩ።"

የዳኛዋ ድምፅ የችሎት ድምፅ ሆኖ ወጣ።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ማንም።"

"ለምን አደረግኸው?"

"የኔ ይሻላል ብዬ። ሁልጊዜ የኔ ይሻላል ነው የምለው።"

"ስለዚህ ያ የምጫነው ቁልፍ..."

"በጭልፊቱ ላይ ሌላ ሥራ ነው ያለው። በጀልባዋ ላይ ቢሆን ልክ ነበሩ። አንድም ስህተት የለብዎትም።"

ዳኛዋ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነበር። "አላበድኩም!" አሉ። "ልጄ፣ ትሰሚያለሽ? አላበድኩም እኮ!" እየሳቁ እንባቸው ወረደ። ሞታቸው ተነግሯቸው በስህተት ነው የተባሉ ያህል ነበር።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ከተንበረከከችበት ቀና ብላ፣ "ነጥቦቹ ለምን ነበሩ፣ እማዬ?" አለች።

የእናቲቱ ሳቅ ቀስ ብሎ ቆመ።

"እማዬ፣ አታዪም እንዴ?"

"ጥላ ጥላ አያለሁ" አሉ ዳኛዋ። "አንቺን በእርምጃሽ ነው የማውቅሽ። እጄን ይዘሽ እንድትመሪኝ ስላልፈለግሁ ደበቅሁሽ። ይኼኛው ጥፋት የኔ ነው።"

እናቷን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ከእናቷ ትከሻ በላይ ቱርቦን አየችው። ያንን አስተያየት የሚገልጽ ቃል ተፈልጎ አልተገኘም።

"አንተ ታውቅ ነበር" አለች። "ዓይኗን ታውቅ ነበር። በዓይንህ ማልክልኝ።"

"አዎ።"

"ተኝቼ ነበር? ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተኝቼ ነበር? አንተው ነህ እኮ የምታባብለኝ።"

"አዎ" አለ እንደገና። እሷ ክፍሉን ጥላ ሄደች። የበሩ ድምፅ ቀስ ያለ ነበር፤ ብታጋጨው ይሻለው ነበር።

*

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ ዳኛዋ። "አምጣው።"

ኮምፒውተሩን አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጭልፊቱን ነቀለ፣ ጀልባዋን መልሶ ጫነ። ጀልባዋ ግን እንደ ሕፃን ባዶዋን ነው የመጣችው፤ ሴትየዋ በዓመታት ያስለመዷት ሁሉ የለም። ቱርቦ ከአንድ መንገድ በቀር ሌላ አልነበረውም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ወጥቶት የማያውቅ ቃል ከአፉ ወጣ።

"እንዴት ይሁንልዎት?"

"ፊደሉ?"

"አዎ። ምን ያህል ይተልቅ?"

"ጡጫህን ስጠኝ። እሱን ያህል። ትንሽ የሚታየኝ ቀን አለ።"

"ቀለሙስ?"

"መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ቢጫ።"

"የሚያነብልዎት ድምፅ የሴት ነው የወንድ?"

"የወንድ። የሴት ከሆነ ልጄ የጠራችኝ እየመሰለኝ 'አቤት' እላለሁ።"

"ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው?"

"ቀስ?" ቆጣ አሉ። "ጠበቃ ሲንዛዛ ስሰማ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ፍጠን በለው!"

አንዱን ጥያቄ ሲመልሱለት ሌላው ይወለዳል። ይህን ሁሉ ነው፣ ይህን ሁሉ የሰው ኑሮ ነው፣ በአንድ ጠቅታ የጠረገው።

ነጥቦቹ ላይ ሲደርሱ ዳኛዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልጃቸውን ጠሩ። መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የጥፍር ቀለም ይዛለች። እሱን ሳታይ በመካከላቸው ጎንበስ አለች። እናቷ ጣታቸውን ቁልፍ ላይ ያሳርፋሉ፣ "እዚህ" ይላሉ፣ እሷ ታንጠባጥባለች። እሱ ኪቦርዱ እንዳይነቃነቅ ይዟል። ፀጉሯ እጁን ነካው። እጁን አላሸሸም፣ አላስጠጋም። በዚያች ቅርበት ውስጥ የነበረው ርቀት ባሕር ነው ብንል ባሕሩ ይጠባል።

ቀለሙ ሲደርቅ ዳኛዋ ማዳመጫቸውን ሰኩ። ጣቶቻቸው ነጥቦቹን አገኟቸው፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲበራ ሁለቱም አዩ። "ይቺ ደግሞ ባሏ የቤቱን ቁልፍ ቀይሮባታል!" አሉ ለራሳቸው። "ቆይ ብቻ!" መጻፍ ጀመሩ፤ የኪቦርዱ ድምፅ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ።

ቱርቦ ኮቱን አነሳ።

"አንተ" አሉ ዳኛዋ፣ መጻፋቸውን ሳያቋርጡ። ልጄ መሆኑ ቀርቷል።

"አቤት፣ ክብርት።"

"በተሳሳተ ማስረጃ የተሰጠ ውሳኔ ይሻራል። ፈቃዴን አንስቻለሁ።"

"ልክ ነው" አለ። ከልቡ ነበር ያለው። ልቡም ስትሰበር ሰማት።

"ልጄን በሚመለከት ያጠፋኸውን ግን እኔ ልፈርድበት አልችልም። የእኔ ችሎት አይደለም።"

*

የውጭው በር ላይ ደረሰችበት። ተሯሩጣ ስለመጣች ትንፋሿ ተቆራርጧል።

"ዝም ብትል ኖሮ ታገባኝ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተናገርክ?"

"ያላጠፋሽውን ስትናዘዢ መስማት አልቻልኩም። ለራሴ ስል ነው የተናገርኩት፤ ጀግና አታድርጊኝ።"

"ማን ጀግና አደረገህ?" እንባዋ እንደገና መጣ፤ ተናዳበታለች። "ይቅር አልልህም።"

"እሺ።"

"ነገም አልልህ ይሆናል።"

"እሺ።"

"እሺ፣ እሺ አትበለኝ! ትንሽ እንኳን ተከራከረኝ፤ ብቻዬን አልናደድ!"

እጁ ወደ ጉንጯ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። መንገድ ላይ አቆመው።

"እንባሽን ልጥረገው?"

አየችው። ጠይቋት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ይጠርገው ነበር።

"አይ" አለች።

እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። አልሄደም፤ ሂድ አላለችውም። እሷም አልገባችም። በገዛ እጇ፣ በራሷ ጊዜ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቃት። ደረቱ ላይ ያለው ነገር ከበደው፤ ሰባት ጎልማሶች ቢረዱት የማይነሳ ሸክም። ግን ዛሬ የራሱ ነበር፣ የእሱ ብቻ። ከእሷ ትከሻ ላይ ወርዶ ነበር፤ ቀና ብላ ስትቆምም አየ።